ታጥቦ የመጣ ጣት

ሐምሌ 3፣ ሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ላቦራቶሪ

መብራት እንደገና ሄደ። ሥልጠናው መሃል ላይ። የሚሠለጥነው የኮምፒውተሩ ሞዴል ነው፤ እኔማ መጠበቅ ላይ ከሠለጠንኩ ቆየሁ። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል። ስለዚህ አንቺን ከቦርሳ አወጣሁሽ፣ ደብተሬ። አንቺ ቻርጅ አትፈልጊም።

ውጤት፦ ያው። ከኢንተርኔት ባወረድኳቸው የውጭ አገር ሰዎች ምስሎች ላይ ቆንጆ ይሠራል፤ የጣታቸው ደም ሥር እንደ ጎመን ቅጠል ጅማት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኔ ራሴ እዚህ ባነሳኋቸው ምስሎች ላይ ግን ግማሹን ያወጣል፣ ግማሹን ባዶ ይተዋል። ግራጫ ሥጋ ብቻ። ደም ሥር የሌለው ሰው ያለ ይመስል።

መግቢያውን ምዕራፍ ደጋግሜ ጽፌ አልጣመኝም፤ እስቲ አንቺ ላይ ልሞክረው። በዓይን የማይታይ ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ፣ ከላይ ጣት ላይ ይበራል። ብርሃኑ ሥጋውን ያልፋል፣ ደሙ ግን ይውጠዋል። ከታች ያለው ካሜራ ደም ሥሩን እንደ ጥቁር መስመር ያየዋል። የእኔ ሥራ ጥቁሩን መስመር ከግራጫው ሥጋ ለይቶ ማውጣት ነው። በቃ ይኸው። የማንም ሰው መስመር ከማንም አይመሳሰልም፤ መስመሩ በደንብ ከተለየ ሰውዬውን ማወቅ ቀላል ነው። እኔ መለየቱ ላይ ቀረሁ።

የመጨረሻው ማስረከቢያ ነሐሴ አጋማሽ። ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል። ሌላ ማራዘሚያ የለም፤ ካላስረከብኩ ስሜ ከማስተርስ ተማሪዎች ይሰረዛል። ዲፓርትመንቱ በማያሻማ ቋንቋ ነግሮኛል።

መብራቱ አልመጣም። ዝናቡ መጣ።

ሐምሌ 5፣ ረቡዕ። አመሻሽ

አባዬን ዛሬም ማሽኑ አላወቀውም።

ድንጋይ ጠራቢ ነው። የአምቦን ድንጋይ በመሮና በመዶሻ ሲጠርብ ነው ያደግኩት። የጣቶቹ ጫፍ ተፍቆ ተፍቆ እንደ ታጠበ ሳሙና ለስልሷል። ወደ ጉደር መውጫ ያለው አዲስ ሕንፃ ላይ ነው አሁን የሚሠራው፤ ሥራ ተቋራጩ በር ላይ የአሻራ ማሽን ሰቅሏል። ሲገቡ ጣት፣ ሲወጡ ጣት። አባዬ ጣቱን ያስቀምጣል፤ ማሽኑ በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንደገና ሞክር ይለዋል። እሺ እመቤቴ ይላታል አባዬ። ይሞክራል። እንደገና ሞክር። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። ከዚያ ፎርማኑ መጥቶ በእጁ ይመዘግበዋል። ይኼ ነገር ብዙ አይቀጥልም ብሎታል ፎርማኑ።

ጥናቴ ከዚህ በር ነው የተነሳው። አሻራ ውጭ ነው፣ ይፋቃል። ደም ሥር ውስጥ ነው፣ መዶሻ አይደርስበትም። አማካሪዬ ሲሰማ ወደደው። አባዬ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረ፤ ልጄ ሰውን በውስጡ የሚያውቅ መሣሪያ እየሠራች ነው ብሎ። ስንቴ አስረዳሁት። መመረቂያ ነው፣ ጥናት ነው፣ ቢሳካም የአንተ ተቋራጭ አይገዛውም። አዎ አዎ ይላል። የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው።

ሐምሌ 8፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ተገኘ መሰለኝ።

ሁሉንም ዘዴ ሞክሬ ነበር። ብርሃኑን በአንድ ወሰን ቆርጦ ጥቁርና ነጭ ማድረግ፦ ጥላውን ሁሉ ደም ሥር ይለዋል። መስመሩን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተከተሉ መሄድ፦ መንገድ ላይ ይጠፋል። በማጣሪያ ማጉላት፦ የቆዳውን እጥፋት ያጎላል። ኒውራል ኔትወርኩ፣ ያው የማሠለጥነው ሞዴል፦ ባዶ። ዛሬ ተስፋ ስቆርጥ ዘዴውን ትቼ ሰዎቹን አየሁ። የጠፋባቸውን በአንድ በኩል፣ የወጣላቸውን በሌላ በኩል ደረደርኩ።

የወጣላቸው፦ የጉደር ካምፓስ ተማሪዎች፣ አንድ ሁለት መምህራን፣ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ። የጠፋባቸው፦ በእማዬ ዘመዶች አገር በካቺሲ ያነሳኋቸው ገበሬዎች በሙሉ፣ የሰፈራችን አናጺ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የአባዬ የሥራ ጓዶች፣ አባዬ።

ቆዳ ነው። ሥራ ያደነደነው ቆዳ ብርሃኑን አያሳልፍም። እንዴት እስካሁን አላየሁትም?

ለአማካሪዬ በቴሌግራም ላኩለት። አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው በአውራ ጣት ምልክት ነው። ዛሬ ግን ጻፈ። ጥሩ ግኝት ነው፣ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አድርጊው፣ ድክመትሽ ውጤት ሆነ አለኝ።

ድክመቴ ውጤት ሆነ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

ሐምሌ 9፣ እሁድ

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ምሳ አብረን በላን። አባዬ ጠየቀኝ፣ እንደ ዋዛ፣ እንጀራውን እየቆረሰ። መሣሪያሽ እኔን አገኘኝ ወይ? አስረዳሁት። ቆዳህ በሥራ ጠንክሯል፣ ብርሃኑ ሊገባ አልቻለም፣ እንዲያውም ይኼ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው አልኩት።

እጁን ገልብጦ አየው። ልክ ነው አለ። ከዚያ እማዬን ሚጥሚጣ አቀብይኝ አላት።

ደስ ብሎኝ ስለነበር ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም። አሁን ስጽፈው ትንሽ ይከብዳል። ያልፋል።

ሐምሌ 12፣ ረቡዕ

ምዕራፉ ይፈሳል። ዛሬ የወጣች ዐረፍተ ነገር፦ የጉልበት ሠራተኞች ጣት ለዚህ የመለያ ዘዴ አመቺ ሆኖ አልተገኘም። አራቴ አነበብኳት። የመመረቂያ ጽሑፍ ድምፅ አላት። መብራት ቀኑን ሙሉ አልሄደም። እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ታረቀ።

ሐምሌ 15፣ ቅዳሜ

አልታረቀም።

አባዬ ረፋዱ ላይ ቤት መጣ። መሮውንና መዶሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ። ኦቦ ዲንሳ አብሮት መጣ፤ ከእሱ ጋር ድንጋይ የሚጠርብ የቆየ ጓደኛው ነው። እኔን አካም ብሎ ሰላም አለኝና ዓይኑን ወዲያው ከእኔ ላይ አነሳ። አባዬ ደከመኝ ብሎ ተኛ። ኦቦ ዲንሳ የሆነውን ለእማዬ በር ላይ ነገራት፣ እሷ ለእኔ።

ፎርማኑ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ ምዝገባ የለም ብሏል። ማሽኑ የማያውቀው ሰው አይገባም። ሌሎቹ ጠራቢዎች ጮኹ፣ ተከራከሩ። የኦቦ ዲንሳን ጣት ማሽኑ አንድ ቀን ያነብባል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል፤ ተከራክሮ ለጊዜው ሥራው ላይ ቆየ። አባዬ ግን አልተከራከረም። የልጄ መሣሪያ እንኳን፣ ውስጥ የሚያየው፣ አጥቶኛል፤ እናንተ ምን ታደርጉ አለና ዕቃውን ሰበሰበ።

ይኼን ነው ያለው። በእኔ ምዕራፍ ነው የተከራከረው፣ በራሱ ላይ።

ሐምሌ 17፣ ሰኞ። ረፋድ

ሄድኩ። ፎርማኑ ዘንድ ምን ልል እንደሄድኩ አትጠይቂኝ። ፎርማኑ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወንበር ሰጠኝ። ማሽኑ የእሱ አይደለም፣ ትእዛዙም የእሱ አይደለም። ደግሞ አባትሽ ራሳቸው አምነው ነው የሄዱት አለኝ፤ ዩኒቨርሲቲም በጥናት አረጋግጦታል አሉን፣ አይደለም እንዴ?

አዎ አልኩት። በጭቃው ተመለስኩ።

ሐምሌ 22፣ ቅዳሜ

ተጠንቅቄ ልጻፈው።

ከሐሙስ ጀምሮ ሰፈሩ ውስጥ ውሃ የለም። ለምዕራፉ አንድ ጥሩ ምስል ያስፈልገኝ ነበር፣ ደም ሥሩ የማይታይ ጣት ናሙና። ካሜራውና ብርሃኑ ያሉበትን ሣጥን ቤት አምጥቼዋለሁ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አባት አለኝ። አባዬ፣ ጣትህን አንዴ ልዋስህ አልኩት። አፈርኩ፣ ግን አልኩት።

ተነሳና ወደ ቧንቧው ሄደ፣ እንደ ልማዱ ሊታጠብ። ደረቅ ነው። በርሜሉን ሊከፍት ሲል እማዬ ጮኸችበት፣ የተረፈችው ለወጥ ናት ብላ። እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገና መጥቶ ተቀመጠ። ይቅርታ የኔ ልጅ፣ በቆሻሻ እጅ ነው አለኝ። እኔን፣ ልጁን። ጣቱን አስገባ።

ደም ሥሩ ወጣ።

ሁለት ወፍራም መስመሮች፣ መሃል ላይ የሚያገናኛቸው ቀጭን፣ ከታች የሚሰነጠቅ ሹካ። የሌላ ሰው ፋይል የከፈትኩ መሰለኝ። ዘግቼ ከፈትኩ። ጣቱን አውጣ፣ አስገባ አልኩት። ያው። ሌላኛው ጣት። ያው፣ እንዲያውም የጎላ። ሞዴሉ ሳይደናቀፍ መስመሩን ቀድቶ አወጣው። ያ ብርሃን የማያሳልፍ ቆዳ፣ ያው ቆዳ።

አባዬ አለቀ ወይ አለኝ። አለቀ አልኩት።

ሐምሌ 23፣ እሁድ

ውሃ መጣ። አባዬን ታጠብ አልኩት፣ በቧንቧው፣ በደንብ። ጣቱን አስገባ። ባዶ። ሻይ አፈላሁና ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪጠጣ ጠበቅኩ። ጣቱን አስገባ። ወጣ። የሞቀ ውሃ በጣሳ አመጣሁ፣ ታጠበበት። ወጣ።

ቅዝቃዜ ነው። እጅ ሲበርደው ደም ሥሩ ይኮማተራል፣ ደሙ ይሸሻል። ይኼን የማላውቅ እንዳይመስልሽ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ምንጭ ጠቅሼ ጽፌዋለሁ። ጠቅሼ።

አሁን ምስሎቹን ያነሳሁበትን ኅዳር አስቢልኝ። ካቺሲ፣ የእማዬ ዘመዶች ቤት፣ በጠዋት፣ ያ ብርድ። ገበሬዎቹ ለገበያ ሲመጡ ጎራ እያሉ ጣታቸውን ይሰጡኛል። እማዬ በር ላይ ቆማለች፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ። ማን አዘዛት? ማንም። እንግዳ ሲገባ ውሃ ታፈሳለች፣ ሌላ ምን ታድርግ። ውሃው ውጭ ያደረ ነው፣ እንደ በረዶ። እነሱም የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት፣ ንጹሕ ዕቃ ነው፣ በአፈር እጅ አይነካም ብለው እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። እዚህ አምቦም እንደዚያው፣ እኛ ግቢ፣ በማለዳ፣ ከሥራ በፊት። ኦቦ ዲንሳ ታጥቦም ጥፍሩ ላይ አቧራ ቀርቶ ዲፈማ ብሎኝ ነበር፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ተመልሶ እንደገና ታጠበ። እኔ ደግሞ በሆዴ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው አልኩ። ካሜራውን አበራሁ።

የጉደር ካምፓስ ተማሪዎች? ከክፍል ወጥተው፣ ባንድ እጅ ስልካቸውን እየነካኩ፣ የሌላውን ጣት ሰኩ። ማንም አልታጠበም። እማዬም አልነበረችም።

የለካሁት ቆዳ አልነበረም። እጁን ለሰው ከመስጠቱ በፊት የሚታጠብንና የማይታጠብን ነው የለካሁት።

ለእማዬ ነገርኳት። እና ታዲያ ሳይታጠቡ ሊነኩልሽ ኖሯል? አለች። ከዚያ ገባት መሰለኝ። ማንቆርቆሪያውን አነሳችና ምን ልታደርገው እንዳነሳችው ረስታ መልሳ አስቀመጠችው።

ሐምሌ 25፣ ማክሰኞ። ላቦራቶሪ

ለአማካሪዬ ትናንት ረዥም መልእክት ጻፍኩ። ዛሬ መለሰ። ጊዜ የለም። ውስንነት የሚለው ክፍል ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሪ፣ የእጅ ሙቀት አልተቆጣጠርንም በይ፣ ምዕራፉን አትንኪ። አስረክቢ። ከተመረቅሽ በኋላ ታስተካክይዋለሽ። ክፉ ሰው አይደለም። የእኔ ስም እንዳይሰረዝ ከእኔ በላይ ይጨነቃል።

የታጠቡትን ብቻ ከመረጃው ላስወግድስ? ያን ቀን ማን ታጥቦ ማን ሳይታጠብ እንደገባ አልጻፍኩም። ማን ይጽፈዋል ይኼን። ሁሉንም እንደገና ላንሳስ? ካቺሲ ደወልኩ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፣ መኪና አይገባም፤ ሰዉም አረም ላይ ነው። ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቂ አሉኝ። ክረምቱ ሲወጣ እኔ ስሜ የለም።

ምን ላድርግ ደብተሬ። በእውነት ነው የምጠይቅሽ። ባስረክብ ውሸት ነው። ባላስረክብ ይኼ ሁሉ ዓመት ገደል። ላቦራቶሪው ውስጥ አለቀስኩ። ጸሐፊዋ ገብታ ጉንፋን ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሐምሌ 26፣ ረቡዕ

ምስሉን ለአባዬ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ። የማን ነው አለ። የአንተ። ከውጭ ያመጣሻቸው ሰዎች አይደለም? አይደለም አባዬ፣ ያንተ ነው፣ ቅዳሜ ለታ ያነሳሁት፤ ቆዳህ ምንም የለበትም፣ ቀዝቃዛው ውሃ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ብዙ አየው። በጣቱ ስክሪኑ ላይ መስመሩን ተከትሎ ሄደ። ቆንጆ ነው አለ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ድንጋዬ ላይ ሌላ ሰው አስገብተዋል፣ ዲንሳ ነገረኝ አለ። በተራ ድምፅ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 29፣ ቅዳሜ

ምንም። ዝናብ። መብራት የለም። ፋይሉን አልከፈትኩም።

ሐምሌ 30፣ እሁድ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ከፈትኩት። ያቺን ዐረፍተ ነገር ለማየት ብቻ ነበር። የጉልበት ሠራተኞች ጣት አመቺ ሆኖ አልተገኘም። አንድ ቀን አንድ ሰው ይኼን አንብቦ ማሽን ይሠራል። ማሽኑ በር ላይ ይሰቀላል። አንድ አባዬ ጣቱን ያስቀምጣል። እንደገና ሞክር።

ምዕራፉን አጠፋሁ። ቅጂውንም።

ለአማካሪዬ ጻፍኩ፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ። በቀረኝ ጊዜ እዚሁ አካባቢ የማገኘውን ሰው እንደገና አነሳለሁ፣ እጅ ቀዝቅዞና ሞቆ፣ ሁለቴ። ባገኘሁት ላይ የወጣውን ውጤት አስገባለሁ። ጥቂት ነው። ገምጋሚዎቹ ጥቂት ነው ይሉኛል፣ ልክ ናቸው፤ ሊጥሉኝም ይችላሉ። እስካሁን አልመለሰም። የአውራ ጣቱ ምልክት እንኳ የለም።

ኦቦ ዲንሳ ቤት ሄድኩ። ነገ ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ጠራቢዎቹን ሕንፃው በር ላይ ይሰበስብልኛል። አንድ ነገር ብቻ ለምኜው ነበር፣ እንዳይታጠቡ። ደነገጠ። አቧራ በለበሰ እጅ? ለዩኒቨርሲቲ? ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ይኼስ አይሆንም አለ። ብለምን፣ ሳይንሱን ባስረዳው፣ አይሆንም። ገባኝ፣ ደብተሬ። ይኼን ሰው ታጠብ አትታጠብ የምለው እኔ ማን ነኝ። ይታጠቡ። ውሃው ይሞቃል፣ በቃ። የእማዬን ትልቁን ፔርሙዝ እወስዳለሁ።

አባዬን አብረኸኝ ና አልኩት። ከስም ዝርዝራቸው ያወጡኝ ሰዎች በር ላይ ምን ብዬ እቆማለሁ አለኝ። እውነቱን ነው። አልጎተጎትኩትም።

ነሐሴ 1፣ ሰኞ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ሣጥኑ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ስንት እንደሚቆይ እግዚአብሔር ይወቅ። ካፊያ ነው። እማዬ ገና አልተነሳችም።

ውሃ ላፈላ ፔርሙዙን ከመደርደሪያው ሳነሳው ከበደኝ። ክዳኑን ሳላላው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ሙሉ ነው።

በመስኮት አየሁት። አባዬ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮው ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ መሮ ይስላል፤ ሥራ የሌለውን መሮ። ልጠራው ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ኦቦ ዲንሳ እየጠበቀኝ ነው። ልሂድ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ።